ጭሱ የወጣለት ፍም

ሰው የሚገድለውን ነገር በሁለት እጁ ታቅፎ፣ እያንጎራጎረ ወደ መኝታ ቤቱ የሚያስገባው ለምንድን ነው? ልጄ ከሞተ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ሳላነሣ ውዬ አላውቅም፤ መልሱን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ቢሆንም ጥያቄው ከእኔ ጋር ከሚቀበር፣ ያየሁትን ብጽፍ ለአንድ ቤት እንኳ ይተርፍ ይሆናል ብዬ ብዕር አነሣሁ።

ልጄ የውኃ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ያን ቀን ጉድጓድ ውስጥ በጭቃ ሲንቦጫረቅ ውሎ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ መጣ። ከሰሉን ደጅ አቀጣጠለ። ጭሱ ወጥቶለት ፍሙ እስኪጠራ ድረስ አራገበው። ከዚያ ማንደጃውን ይዞ ገባ፤ መስኮቱን ዘጋ፤ ንፋስ የሚያስገባውን ስንጥቅ በአሮጌ ሹራብ ወተፈው፤ ተኛ። ጠዋት ቁርስ ይዤ ባንኳኳ፣ ደግሜ ባንኳኳ፣ መልስ የለም። አንዱ ጎረቤት “ልቡ ነው” አለ፤ ሌላው “የሰው ዓይን ነው” አለ። ማንደጃውን ግን ማንም ልብ አላለውም። ለለቅሶ የመጣው ሰው ስለ በረደው፣ ያንኑ ማንደጃ አቀጣጥለን አሞቅነው። የገደለው ከሰሉ መሆኑን የሰማነው ቆይቶ፣ ከጤና ጣቢያ ነው።

ታዲያ አንድ የካፊያ ጠዋት ከሱቅ ስመለስ፣ መታጠፊያው ላይ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን አገኘኋቸው። ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ትከሻቸው ላይ የከሰል ማዳበሪያ ተሸክመው፣ አንገታቸው በጥላሸት ጠቁሮ ነበር።

“ምነው ጎረቤት፣ መቀሱን ጥለው ከሰል ነጋዴ ሆኑ እንዴ?” አልኳቸው።

“ምን ላድርግ እትዬ! ልጄ ተገላግላ መጥታብኝ አይደል? ወንድ ነው። ሲያለቅስ ብትሰሚው የጎረምሳ ድምፅ ነው ያለው።” ሳቁ፤ ሲደሰቱ አንቱታው ይጠፋባቸዋል። ወዲያው አስተካከሉት። “እርስዎ መቼም ያውቁታል፤ አራስን ብርድ ካገኛት ዕድሜ ልኳን አይለቃትም። ስለዚህ ክፍሉን እንደ ዳቦ መጋገሪያ አድርጌላቸዋለሁ።”

“መስኮቱስ?”

“መስኮቱንማ በቁርጥራጭ ጨርቅ ጥርቅም! ልብስ ሰፊ ቤት ጨርቅ አይታጣ። ትንኝ እንኳ መግቢያ የላት።”

የያዝኩት ሽንኩርት መሬት ላይ ተበተነ።

“ጎረቤት፣ ልጄን የገደለው እኮ ይኸው ነው!”

ማዳበሪያቸውን አውርደው ሽንኩርቱን ይለቅሙልኝ ጀመር። “እትዬ፣ ኀዘን ሰውን ብዙ ያናግራል። ልጅዎ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ልቡ ነው። ከሰል ቢገድል ኖሮ እኔ እዚህ ቆሜ ሽንኩርት እለቅም ነበር? አባቴ በከሰል ሞቀው ነው ያረጁት። የሚጎዳው ጭሱ ነው። እኔ ደግሞ ሞኝ አይደለሁም፤ ጭሱን ደጅ ጨርሼ፣ ፍሙ ሲጠራ ነው የማስገባው።”

እኔ የማውቀው ልጄ መሞቱን ነው እንጂ፣ ነገሩን አፍታትቶ ማስረዳት አልሆነልኝም። በመጨረሻ፣ “የልጅ ልጄ ስለዚሁ ጉዳይ ፊልም ሠርታለች። እሑድ ከሰዓት ጓደኞቿ ሊያዩት ይመጣሉ፤ እርስዎም ይምጡ” አልኳቸው።

“ቆራጧ? እሷ የሠርግ አይደለም እንዴ የምትሠራው?” ማዳበሪያቸውን መልሰው ተሸከሙ። “መቼም ፊልም ከሆነ እመጣለሁ።”

ቆራጧ የሚሏት የሟቹን ልጄን ልጅ ነው። እናቷ ቀድማ ስለሞተች ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ፎቶ ቤት ተቀጥራ የሠርግ ቪዲዮ ስለምትቆራርጥና ስለምትቀጥል ሰፈሩ ይህን ስም አወጣላት። የአባቷን ፊልም ግን የሠራችው በዕረፍት ቀኗ፣ በተዋሰችው ካሜራ፣ በገዛ ፈቃዷ ነው። ሐሳቧ ብርዱ ሳይጠና በሁለት ቦታ እንዲታይ ነበር፤ በአንደኛው ጓደኛዋ ፀጉር ቤት ባለው ቴሌቪዥንና ሌላዋ ጓደኛዋ ነርስ ሆና በምትሠራበት ጤና ጣቢያ፣ ሕመምተኛ ተራ በሚጠብቅበት አዳራሽ።

የመጀመሪያው መክፈቻ እንዲህ ነበር። አበባ ቀስ ብሎ ይፈነዳል። በወርቅማ ፊደል የፊልሙ ስም ይመጣል። ከዚያ ምስጋና፤ የአጎት፣ የአክስት፣ የእኔም ስም። ከዚያ የልጄ የሠርጉ ፎቶግራፍ ከሩቅ እየቀረበ፣ እያደገ፣ የኮምፒውተሩን መስኮት ይሞላል፤ ሙዚቃ ያለቅሳል። ልጅቱ የለመደችው የሠርግ አከፋፈት ስለሆነ እጇ የሄደው ወደዚያው ነው። እኔም “ስሙ ይጠራ፣ መልኩ ይታይ” ብዬ ገፋፍቼያታለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አባቷን ሆኖ የሚጫወተው ፀጉር አስተካካዩ ማንደጃ ይዞ ይገባል። አደጋው እንዲታይ ብላ እርጥብ ገለባ አጭሳ ክፍሉን በጭስ አፍናዋለች። ባየሁት ቁጥር አለቅስ ነበር።

እሑድ ደረሰ። ፀጉር አስተካካዩ ገና ከበር፣ “እማማ፣ ዛሬ የሞትኩት እኔ ነኝ፤ ለቅሶ ደራሽ አልመጣም እንዴ?” እያለ ገባ።

“አፍህን ያዝ! ቤቴ ላይ አታሟርት!” ብዬ በፎጣ መታሁት።

ነርሷ ዝምተኛ ናት፤ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊው ከፊት ወንበር ተሰጣቸው። አበባው ፈነዳ። የወርቁ ፊደል መጣ። የአጎት ስም፣ የአክስት ስም ሲወርድ ሰፊው ወደ እኔ ዘንበል አሉና፣ “ሙሽራዋ የታለች?” አሉ። ፀጉር አስተካካዩ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጭሱ ክፍሉን ሲሞላው ግን ሰፊው ጭናቸውን በእጃቸው ጠፍ አደረጉ።

“ይኸው! እኔ ምን አልኩ? ጭሱን ሳያስወጣለት አስገባው! ይኼማ የራሱ ጥፋት ነው።”

ሲያልቅ ተነሥተው ልጅቱን መረቁ። “ቆንጆ ነው። አበባው በተለይ። እጅሽ ይባረክ!” ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የልጅ ልጄ ኮምፒውተሩን አጠፋችና ጓደኞቿ ፊት ቆመች። “በሉ ተናገሩ። እንዳታዝኑልኝ።”

“እውነቱን?” አለ ፀጉር አስተካካዩ። “እኔ ቤት የሚመጣ ሰው ይኼን አበባ ሲያይ፣ ግማሽ ራሱን ሳልላጨው ‘ኳሱን ክፈተው’ ይለኛል። የምስጋናው ስም ብዛት! የሞት ፊልም ነው የምርቃት ጥሪ? አባትሽን እወዳቸው ነበር፤ ግን ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ ያወቅሁት እኔ ራሴ ማንደጃ ይዤ ስገባ ነው።”

ነርሷ ከጥጓ ወደ ፊት ቀረበች። “እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው” አለች። “ልብስ ሰፊው አባባ የተናገሩትን ሰማሽ? ፊልሙ አላስጠነቀቃቸውም፤ ልባቸውን ሞላላቸው። ጭስ አሳየሻቸው። እሳቸው ደግሞ ጭሱን ደጅ አስወጥተው ነው የሚያስገቡት። አባትሽም እንደዚያው። የሚገድለው ጋዝ እኮ አይታይም፣ አይሸትም፤ ፍሙ ጠርቶም ይወጣል። ይኼ መክፈቻ እንዳለ ጤና ጣቢያ ቢታይ፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ‘እኔ እንኳ አስወጥቼዋለሁ’ ብሎ ነው የሚተኛው።”

እኔ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። “ስለዚህ ልጄን ልትቆርጡት ነው? አንድ ጊዜ የሞተው አይበቃውም?”

“እማማ፣ እንደሱ ማለቴ…”

“ማለትሽማ ነው! ፎቶውን ታወጣላችሁ፤ ስማችንን ታወጣላችሁ፤ ምን ይቀረዋል?” ልጅቱን በክንዷ ይዤ ወደ ማድ ቤት አስገባኋት። “ስሚኝ ልጄ። ሥራ የሠሪው ነው። ሰው ሁሉ ‘እዚህ ጋ ቁረጪ፣ እዚያ ጋ ቀጥዪ’ ባለ ቁጥር ከሰማሽ፣ መጨረሻሽ ባዶ እጅ ነው። ጓደኛ ብለሽ የሰበሰብሽው ምቀኛ እንዳይሆን እፈራለሁ።”

“እምዬ” አለች ቀስ ብላ፣ “ምቀኛ ቢሆኑ ‘ቆንጆ ነው’ ብለው አይሄዱም ነበር? እኔ ደስ ይለኛል፤ እነሱም ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። ወዳጅ ያስለቅሳል ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።”

“እሱማ ለምክር ነው እንጂ ለፊልም ነው?”

“ጎረቤታችን ኮት ሲሰፉ ምን ያደርጋሉ? ሳይጨርሱት ባለቤቱን ጠርተው ያስለኩታል። ብብቱ ጋ ከያዘው ይፈቱታል። ‘የኔን ስፌት አትንኩ’ ይላሉ? እኔ ፊልሙን ለራሴ አልሠራሁም። የሚለብሰው ሌላ ሰው ነው።”

“ኮት ሌላ፣ ልጄ ሌላ!”

“አባባ ‘ቆንጆ ነው’ ብለው ሄዱ አይደል?” አለች። “አሁን ምን እያደረጉ ይመስልሻል?”

ከግድግዳው ማዶ፣ ከጎረቤት ግቢ፣ የማራገቢያ ድምፅ ይመጣል። ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ። ጭሱ እስኪወጣለት፣ ፍሙ እስኪጠራ።

እኔ ማድ ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ። በልጄ ፎቶግራፍ ፊት አልቅሼ በጠገብኩ ቁጥር ሌላውን ያዳንኩ መስሎኝ ኖሯል። ዕንባዬ ግን ለእኔ ነበር እንጂ ከግድግዳው ማዶ ላለችው አራስ አንዳች አልፈየደላትም።

ነርሷን ይዤ ወዲያው ጎረቤት ገባሁ። ሰፊው በትሕትና ወንበር ሰጡን።

“አባባ፣ መስኮቱን ይክፈቱልኝ” አለች ነርሷ። “ጭስ ባይኖረውም ፍሙ መርዝ ያወጣል።”

“የሚታይ ነው?”

“አይታይም።”

“ይሸታል?”

“አይሸትም።”

“አይታይ፣ አይሸት፣ ሰው ይገድላል። የኔ ልጅ፣ ይኼማ ጋኔን ነው እንጂ ከሰል አይደለም!” ብለው ሳቁ። “ለመሆኑ ስንት ዓመትሽ ነው? እኔ የዚህን ማንደጃ እግር ያስበየድኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው።”

“እንደ እንቅልፍ ነው የሚወስደው፣ አባባ። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ሰውነት ይከብዳል። ሰውየው ‘ደክሞኝ ነው’ ብሎ ይተኛል።”

ሰፊው ሳቃቸው ቆመ። “ልጄ ትናንት ራሴን ከበደኝ ስትል ነበር” አሉ። ትንሽ አሰብ አደረጉና ራሳቸው መለሱት። “አራስ ናት። ራስ ምታት የአራስ ወጉ ነው።”

አክብሮታቸው ግን አልቀረም፤ ነርሷ ፊት ጨርቁን ነቅለው መስኮቱን ከፈቱ። አራሷ ሕፃኑን አቅፋ፣ ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቶ፣ “አባቴ ያውቃል” ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። እኛ ገና ግቢያቸውን ሳንወጣ መስኮቱ ሲዘጋ ሰማን።

እዚህ ላይ አንባቢዬን አንድ ነገር ላሳስብ። ሰፊው ክፉ ሰው አይደሉም። ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን የሚወዱ፣ ሽንኩርት የሚለቅሙ ሰው ናቸው። መስኮቱን የሚወትፉት ከፍቅር ነው። ፍቅር ካላወቀ እንደ ጠላት ይገድላል። እንዲህ ያለውን ሰው ስድብ አይመልሰውም፤ የልጅ ምክርም አይመልሰውም። የገዛ እጁን ሥራ ከውጭ ሆኖ ማየት አለበት።

የልጅ ልጄ ይህን ቀድማ ገብቷት ነበር። በማግሥቱ ሰፊው ዘንድ ሄዳ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለመነች። “ለፊልምሽ ነው? ውሰጂ!” ብለው አንድ ከረጢት ሰጧት። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

“እምዬ፣ የአባዬን ክፍል ክፈቺልኝ።”

ከቀብሩ በኋላ ያ ክፍል ለማንም ተከፍቶ አያውቅም። ሹራቡ ገና መስኮቱ ላይ ተወትፎ ነበር። “ሌላ ክፍል የለም?” አልኳት። “የጓደኛሽ ቤት አይሆንም?”

“መስኮቱ እሱ ነው” አለች።

ከፈትኩላት። ሹራቡን እኔው ነቀልኩት፤ ታጥቦ ተቀመጠ። ከፊልሙም አበባው ተቆርጦ ወጣ። የወርቁ ፊደል ወጣ። የአጎትና የአክስት ስም መጨረሻ ላይ ተጠቃሎ በአንድ ገጽ ገባ። የልጄ ፎቶግራፍም ወደ መጨረሻው ሄደ፤ እሱን ስትቆርጥ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጄን እጇ ላይ ጫንኩ። እንድታቆም ይሁን እንድትቀጥል፣ እኔም አላወቅሁትም።

ቀጥላም የእኔን እጅ ፈለገችው። “በሩን አንኳኪልኝ” አለች። የቁርስ ሰሀን ይዤ፣ ያንኑ በር፣ ከውጭ። ደጋግማ አስደገመችኝ። በመጨረሻ እጄ ያለ ትእዛዝ ያንኳኳ ጀመር፤ “በቃ እምዬ፣ በቃ” እስክትለኝ ድረስ አላቆመም።

ጓደኞቿ አዲሱን አይተው ዳግመኛ ተናገሩ። ፀጉር አስተካካዩ፣ “ማንኳኳቱ ቸኩሏል። ተመልካቹ ራሱ ‘ኧረ አንኳኩ!’ ብሎ እስኪጨነቅ ጠብቂ” አላት። ነርሷ፣ “ሙዚቃውን አጥፊው። ሙዚቃ ካለ ሰው ፊልም መሆኑን ያስታውሳል” አለች። እኔም፣ ያች የተቆጣሁት ሴትዮ፣ አፌን ከፈትኩ፤ “ልጄ ማንደጃ ይዞ ሲገባ ያንጎራጉር ነበር። ዝም ብሎ አይገባም” አልኩ። ሦስቱም ዞረው አዩኝ። ልጅቱ ጨመረችው።

እንግዲህ የጓደኛን አስተያየት የመስማት ጥቅሙ ይህ ነው። ሠሪ ሥራውን ከውስጥ ነው የሚያየው፤ ልጁ ፎቶ ውስጥ ስላለ ዓይኑ በዕንባ ተሸፍኗል። ጓደኛ ከውጭ ያያል፤ የትኛው ጋ እንደ ተሰላቸ፣ የትኛው ጋ ተሳስቶ እንደ ተረዳ ይነግራል። የተቆረጠው ቢያምም፣ የቀረው ይጠራል። “ቆንጆ ነው” የሚል ቃል ጆሮን ያሞቃል፤ በዝግ ክፍል እንደ ገባ ፍም ግን፣ ሙቀቱን አምነው ከተኙበት ያስተኛል። የመስኮቱም ጥቅም ያው ነው፤ ብርድ ያስገባል፣ ሕይወትም ያስገባል። ብርድ ሲያሳልን ያድራል፤ ፍም ግን አያሳልም።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሰፊውን አንድ የሚበርድ ከሰዓት ጠራናቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እጃቸውን እያፋተጉ ገቡ።

“አሁን ገና ነው አሙቄ ያስተኛኋቸው” አሉ፤ “ሁለቱም ለጥ ብለዋል።”

“መስኮቱስ?” አልኩ።

“እትዬ ደግሞ! በዚህ ዝናብ?” ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። “ለመሆኑ ሙሽራዋ ዛሬ መጣች?”

ነርሷ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ቆመች። ጆሮዬ ላይ፣ “መክፈቻው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሲያልቅ ካልተነሡ እኔ ሄጄ መስታወቱን በድንጋይ ነው የምሰብረው” አለችኝ።

ፊልሙ ጀመረ። መጀመሪያ ጨለማ ነው፤ የማራገቢያ ድምፅ ብቻ። ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ። ከዚያ ፍም፤ የጠራ፣ ቀይ፣ የሚያምር። አንዲት ክር ጭስ የለውም።

“ጎሽ” አሉ ሰፊው። “እንዲህ ነው እንጂ። ጭሱ ወጥቶለታል።”

ሰውየው ማንደጃውን ታቅፎ እያንጎራጎረ ገባ። መስኮቱን ዘጋ። አንድ እጅ በስንጥቁ ውስጥ ባለ መስመር ሰማያዊ ጨርቅ ጠቀጠቀ።

“ያ የኔ ጨርቅ አይደለም እንዴ?” አሉ በደስታ። ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ፈገግ አላልኩም።

ሰውየው ብርድ ልብሱን ሳበ። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ፤ “ደክሞኛል” አለ፤ ተኛ። ፍሙ ይበራል። ሙዚቃ የለም። ትንፋሹ ይሰማል። ይሰማል። ከዚያ ይሳሳል። ሰፊው ወንበራቸው ላይ ወደ ፊት ተሳቡ። ትንፋሹ አልተሰማም። ፍሙ ይበራል። ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

በመስኮቱ ስንጥቅ ብርሃን ገባ። በሩ ተንኳኳ። የኔ እጅ ነው። ዝም። እንደ ገና ተንኳኳ። ዝም። እንደ ገና።

ምስሉ ጠቆረ፤ ጥቁሩ ላይ ነጭ ጽሑፍ ወጣ፦ “ጭሱ ወጥቶለት ነበር።”

ሰፊው ተነሡ። ባርኔጣቸው ከጉልበታቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። በኮምፒውተሩ ብርሃን ፊት ሲያልፉ ጥላቸው ግድግዳውን ሞላው። ነርሷ ከበሩ ዞር አለችላቸው። ወደ ማንኛችንም ሳያዩ፣ ወደ ዝናቡ፣ ወደ ቤታቸው እየሮጡ ወጡ።